ሁለት የቀኝ እጅጌዎች

«አይ! አይ! አይ!»

ልጅቷ የቆረጠቻቸውን እጅጌዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ሁለቱም የቀኝ ነበሩ። ጨርቁን ፊት ለፊት አጥፋ ሁለቱን በአንዴ መቁረጥ ሲገባት፣ ቸኩላ ለየብቻ ቆርጣቸዋለች። ከፋይ ጨርቅ ደግሞ ተገልብጦ አይሰፋም፤ ጀርባው ሌላ ጨርቅ ነው የሚመስለው።

ልብስ ሰፊዋ እናቷ የደንበኛ ልብስ ልታደርስ ስትወጣ መቀሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ትታላት ነበር። «የንግሥቲቱን ቀሚስ አንቺው ጨርሺው» ብላ። የትምህርት ቤቱ ቲያትር ዛሬ ከሰዓት ነው። ከቀዩ ከፋይ የተረፈው ለኪስ እንኳ አይበቃም።

«ደደብ! ድሮም እጅሽ አይረባም!» አለች ለራሷ።

በሩ ተበርግዶ ፌንጣ ገባች። ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ አንድ ቦታ መቆም አይሆንላትም። ንግሥቲቱ እሷ ናት።

«አለቀ በይኝ! አዳራሹ ከአሁኑ ጢም ብሏል፣ ወንበር እየተሻሙ ነው! ቆይ፣ መጀመሪያ ስሚኝ።» ደረቷን ነፋች። «ሕዝቤ ሆይ፣ በሩን ክፈቱ! ማንም... ማንም...» ፊቷ ተለዋወጠ። «ጠፋኝ! ትናንት እኮ እንደ ውኃ ነበር የማንቆረቁረው! ደደብ ነኝ፣ ድሮም እኔ—»

«ኧረ ተይ!» ልጅቷ እጇን ያዘቻት። «ደንግጠሽ ነው እንጂ ቃሉማ የት ይሄዳል? ተንፍሺና ከመጀመሪያው ጀምሪ።»

ፌንጣ ተነፈሰች። «ሕዝቤ ሆይ፣ በሩን ክፈቱ! ማንም ደጅ አይደር!» ዘላ ጣሪያ ልትነካ ምንም አልቀራትም። «መጣልኝ! መጣልኝ! ... አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል?»

ልጅቷ እጅጌዎቹን ታያለች። ቅድም ራሷን የሰደበችበት ድምፅና አሁን ጓደኛዋን ያባበለችበት ከአንድ አፍ የወጡ አይመስሉም ነበር።

«ሁለት የቀኝ እጅጌ ቆርጬልሻለሁ።»

ፌንጣ አንዱን አነሳች፣ ሌላውን አነሳች። «ታዲያ ግራ እጄን ቤት ትቼው ልምጣ?»

ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ፤ ልጅቷ ሆዷን እስኪያማት ሳቀች። እንባዋን ስትጠርግ ዓይኗ ከገበሩ የተረፈው ወርቃማ ሳቲን ላይ አረፈ።

«አንዱ እጅጌ ቀይ፣ አንዱ ወርቃማ ቢሆንስ?»

«ንግሥት እኮ ነኝ፣ ማን ይጠይቀኛል! ቁረጪው!»

ልጅቷ ሳቲኑን ዘርግታ ቀዩን እጅጌ ፊት ለፊት ገጠመችበት። መቀሱን አነሳች። ያቺ የቅድሟ ስድብ ምላሷ ጫፍ ደረሰች።

«ቀስ በይ፣ ትችያለሽ» አለች በሹክሹክታ።

«እኔን ነው?» አለች ፌንጣ እየተቁነጠነጠች።

«አይ፣ ራሴን ነው።»

የቀዩን እጅጌ ጠርዝ አንዴ በጣቷ ተከተለችው፤ ከዚያ ቆረጠች።