አምስት ጊዜ የተለካ እጅጌ

ጀላል የአልፊያን እጅጌ አምስት ጊዜ ለካው።

ጃንሆይ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ሁለት ዓመት ሲቀራቸው ነው። ጀላል ኮልፌ፣ አጠና ተራ አጠገብ፣ የስፌት መኪናውን በረንዳ ላይ ዘርግቶ የሚሠራ ልብስ ሰፊ ነበር። አልፊያ ለዒድ ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ሜትሩን ከትከሻዋ እስከ አንጓዋ ዘረጋ፣ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ዘረጋ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩና ሁለቱም አቀረቀሩ።

«እጄ እስክትጨርስ ያድጋል እንዴ?» አለችው እየሳቀች።

«ይቅርታ፣ እንዳልሳሳት ብዬ ነው።»

ፍቅር መሰላት። ማንስ ይፈርድባታል? መልከ መልካም ወጣት አንድ እጅ አምስት ጊዜ ሲለካ ሌላ ምን ይባላል! በስድስተኛው ወር ሽማግሌ ላከ፤ ኒካህ ታሰረ።

የገባት ከሠርጉ በኋላ ነው። ለሶላት ሲታጠብ «ታጠብኩ ወይስ አልታጠብኩም» እያለ ውሃውም ሶላቱም ያልቅበታል። ጎረቤት «ወስዋስ ይዞታል» አለ። ይህን እንኳ ቻለችው።

አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«አልፊያ፣ አሁን ‹ፈትቼሻለሁ› ብያለሁ እንዴ?»

«ምን?»

«ቃሉ ከአፌ የወጣ መሰለኝ። ከወጣ እኮ ሐራም ሆነሽብኛል!»

«ወላሂ አላልክም! ሻይ ስጪኝ ነው ያልከው።»

ተነፈሰ፣ ሳቀ፣ ግንባሯን ሳማት። ሻዩን ሳይጨርስ ደግሞ ጠየቃት። ሳምንት ሳይሞላ በቀን ሠላሳ ጊዜ ሆነ። ቃሉ እንዳያመልጠው በማለት ቀኑን ሙሉ ስፒል በከንፈሩ ነክሶ ይውል ጀመር። መኝታም ለየ።

የሰፈሩ መስጊድ ሼህ ጀማል አዳመጡትና «ልጄ፣ ወስዋስ የያዘው ሰው በጥርጣሬ አይፈታም፤ ሚስትህ ናት» አሉት። ደስ ብሎት ወጣ። ከሰዓት ተመልሶ፣ «‹አይፈታም› ነው ወይስ ‹ይፈታል› ያሉኝ?» ብሎ ጠየቃቸው።

በመጨረሻ ሰይቼንቶ ታክሲ ይዛ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ዶክተር በየነ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው።

«እብደት አይደለም» አላት። «ይህ በሽታ ሰውን በሚሳሳለት ነገር ነው የሚይዘው። የሚያረጋጋ ክኒን እሰጠዋለሁ፤ ዋናው መድኃኒት ግን አንቺ ጋ ነው። ሲጠይቅሽ አትመልሺለት።»

«አላልክም ብለው ምን ይጎዳዋል?»

«በመለስሽለት ቁጥር ለትንሽ ጊዜ ይረጋጋል፤ ጥያቄው ግን ይበረታል። ጭንቀቱን ችሎ ማሳለፍ ይልመድ። ወራት ይፈጃል እንጂ ይሻለዋል።»

ጀላል ራሱ፣ «ብለምንሽም ዝም በይ» አላት።

ዝም አለች። ላብ ሲያጠምቀው ዝም፤ ቀሚሷን ይዞ ሲለምናት ምላሷን ነክሳ ዝም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን አራት ጊዜ ብቻ ጠየቀ። ስፒሉንም ከአፉ አውጥቶ ሲያንጎራጉር ሰማችው፤ ጓዳ ገብታ በደስታ አለቀሰች።

ምን ያደርጋል! በማግስቱ እናቷ ወይዘሮ ዘይነባ መጡ። አማቻቸው ተንበርክኮ ሲማጸን፣ ልጃቸው ፊቷን አዙራ ዝም ስትል አዩ።

«አንቺ ጨካኝ! አንድ ቃል ምን አለበት?» ብለው ጮኹ። ወደ እሱ ዞሩና ደግሞ፣ «አንተስ! ከዚህ ሁሉ አንዴ በላትና ተገላገሉ!»

ከንዴት የወጣ ነገር ነበር። ጀላል ግን ቀና አለ። ፊቱ ላይ ከተጋቡ ወዲህ ያላየችው እረፍት ነበር።

«ፈትቼሻለሁ» አላት ረጋ ብሎ። «አሁን እርግጠኛ ሆንኩ።»

አልፊያ ዒዳዋን፣ ከፍቺ በኋላ የሚጠበቀውን ሦስት ወር፣ እዚያው ኮልፌ እናቷ ቤት ተቀመጠች። ሦስቱ ወር ሳያልቅ «መልሼሻለሁ» ካላት ሚስቱ ናት፤ ሌላ ኒካህ እንኳ አያስፈልግም። ሐኪሙ ዘንድ መሄድ እንደተወ ሰማች። ዘይነባ በጸጸት ከሰሉ። እሷ በር በሩን ስታይ ትውላለች።

በመጨረሻው ቀን፣ ዒዳው ፀሐይ ስትጠልቅ ሊያበቃ፣ ከሰዓት በኋላ የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። ጀላል ነው። ከስቷል፤ ከንፈሩን ስፒል አቁስሎታል።

«አልፊያ...»

ያ ረቢ! በላት፣ በላት!

«ያን ቀን... በእርግጥ ብያለሁ እንዴ?»

የበሩን ጠርዝ ያዘች። «መልሼሻለሁ በል፣ ጀላል። ሌላው ይቅር።»

«ካልፈታሁሽ እንዴት እመልስሻለሁ? ብለውስ ማለቴን በምን አውቃለሁ?» እንባው ወረደ። «ደክሞኛል።»

እሷም ደክሟታል። «አላልክም» ብትለው ይመለስላት ነበር፤ ውሸት ነው፣ ነገም ይጠይቃታል። ዝም አለች፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው። ከዚያ ስንት ወር ውስጧን ሲበላት የኖረውን አወጣችው።

«ያኔ እጄን አምስት ጊዜ የለካኸው ሕመሙ ነው ወይስ እኔ ነኝ?»

«አንቺ ነሽ» አለ፣ አፍታም ሳይቆይ። «በመጀመሪያውም ልክ ነበር። አራቱ አንቺን ለማየት ነው።»

ካወቃት ጀምሮ ሳይጠራጠር የነገራት ይህንን ብቻ ነው። የቀረውን፣ «መልሼሻለሁ» የሚለውንም ይጨምር ይሆናል ብላ ጠበቀች። አልጨመረም፤ ዞሮ ሄደ።

አጠና ተራው ጋ ሲደርስ ቆመ። ተመለሰ፤ እየሮጠ ነው የመጣው። አልፊያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«አልፊያ፣ ‹አንቺን ለማየት ነው› ብያለሁ አይደል?»

አትመልሺለት ተብላለች።

«ብለሃል» አለችው። «ወላሂ ብለሃል፣ ጀላልዬ።»

ተነፈሰ፣ ሳቀ፣ ሄደ። ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን እስኪል በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው፤ አልተመለሰም።