የትምህርት ሚኒስትሩን የሚሽር ደብዳቤ

«ትምህርት ሚኒስትር ከሚለው ፊት ለፊት ያለውን ስም አጥፊው» አሉ አባባ ረታ።

የሩሐማ ጣት ላፕቶፑ ላይ ቆመ። «የጋሽ ጉልላትን?»

«ሌላ ትምህርት ሚኒስትር አለን እንዴ?»

ሩሐማ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሦስቱን ዓመት የአያቷን የአባባ ረታን ካቢኔ ዝርዝር ስትተይብ ኖራለች። አባባ ረታ ፕሬዚዳንት ናቸው። አገር የላቸውም እንጂ ካቢኔ አላቸው። ከሃያ ዓመት በፊት እሳቸውና ፍራንክፈርት ያሉ ስደተኛ ጓደኞቻቸው «ነገ አገር ቢጠራን ዝግጁ እንሁን» ብለው አሥራ አንድ ሚኒስትሮች ሾሙ። የጠራቸው ግን የለም። ከአሥራ አንዱ አምስቱ ሞቱ፣ ሁለቱ ተኳርፈው ወጡ። ሰው በጎደለ ቁጥር ሥራው በቀሩት ላይ ይደረባል። ጋሽ ገናናው አሁን መከላከያን፣ ግብርናንና ቱሪዝምን አንድ ላይ ይዘዋል፤ ሚስታቸውን ግን እስከ ዛሬ ይፈራሉ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። የእነሱ ሹመት ከሻይና ከብስኩት ሌላ የሚበላ ነገር ኖሮት አያውቅም።

ደንቡ ግን ደንብ ነው፤ ሦስት ስብሰባ በተከታታይ የቀረ ሚኒስትር ይሻራል። ጋሽ ጉልላት ደግሞ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ከተማዋ ማዶ ዳር ጻይልስሃይም በሚባል ሰፈር ያለ አልተንሃይም፣ ማለት የአረጋውያን መኖሪያ ገብተዋል። አምስት ወር ሆናቸው።

«ደብዳቤውን አንቺ ውሰጂለት» አሉ አባባ ረታ። «ይወድሻል። ካንቺ እጅ ሲሆን አይከፋውም።»

«አባባ፣ ሰኞ እኮ ማቴ-አርባይት፣ የሒሳብ ፈተና አለብኝ።»

«ዛሬ ገና ቅዳሜ ነው።»

«ለምን እርስዎ አይወስዱትም?»

«ጉልበቴን ታውቂው የለ!»

በየእሑዱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጉልበታቸው ትዝ ብሏቸው አያውቅም። ሩሐማ ይህን አልተናገረችም። ደክሟት ነበር። የማያልቀው ዝርዝር፣ በየወሩ የሚቀያየረው ስም፣ አዋቂዎቹ የፈሩትን ሁሉ «ልጅቷ ታድርገው» ማለታቸው ሰልችቷታል። ከሁሉ የከፋት ግን ጋሽ ጉልላት ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳብ በነጻ ያስጠኗት ሰው መሆናቸው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው በእሷ እጅ መሻር!

ከሰፈራቸው ከፌኸንሃይም የተነሣው ሽትራሰንባን፣ የከተማው ባቡር፣ ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር አቋረጠ። ሩሐማ ጭንቅላቷን መስታወቱ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ ባስ ያዘች።

ጋሽ ጉልላት ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው መስኮቱ ሥር ነበሩ። በጣም ከስተዋል። ሲያይዋት ፊታቸው በራ፤ ወዲያው ግን ከኋላዋ በሩን ተመለከቱ።

«ብቻሽን ነሽ?»

«አዎ፣ ብቻዬን ነኝ። ጋሼ፣ ስለ ካቢኔው...»

«ተይኝ እስቲ ካቢኔውን! እውነቱን ንገሪኝ። ረታ መቼ ነው የሞተው?»

«ኧረ አልሞቱም! ደኅና ናቸው!»

«ሁሉም እንዲህ ይላል። እደውላለሁ፣ አያነሣም። ገናናውን ብጠይቀው ወሬ ይለውጥብኛል። አንቺም ሁለት ወር ጠፋሽ። መርዶ እንዴት እንደሚደበቅ አውቃለሁ፣ ልጄ። እኔ ራሴ ለስንቱ በሽተኛ "ደኅና ነው፣ ሰላም ብሎሃል" ብዬ ዋሽቻለሁ።» የለበሱትን ጥቁር ሹራብ ጎተት አደረጉት። «ማንም ባይነግረኝ በገዛ እጄ ከል ለበስኩ።»

ሩሐማ ብትምልም እንደማያምኗት ገባት። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ደወለች።

«ሰጠሽው?» አሉ አባባ ረታ። «ተቆጣ?»

«አልሰጠኋቸውም። ከል ለብሰው ነው ያገኘኋቸው።»

«እግዚኦ! ማን ሞተበት?»

«እርስዎ።»

አሁን ከስልኩ የመጣው ድምፅ የፕሬዚዳንት አልነበረም። «በዚያ ወንበር ላይ ላየው አልችልም፣ ሩሐማ። እሱን ሳይ የነገውን እኔን ነው የማየው። ስሙን ካወጣሁት... ሄዶ መጠየቁም አብሮ የሚቀርልኝ መስሎኝ ነው።»

ሩሐማ አዘነችላቸው። ቢሆንም ደብዳቤውን አውጥታ እዚያው ቆማ ሁለት ቦታ ቀደደችው።

«ደብዳቤውን ቀድጄዋለሁ፣ አባባ። ይቆጡኝ። አሁን ያናግሯቸው።»

«ቆይ፣ ቆይ፣ ምን ብዬ...»

ወደ ክፍሉ ተመልሳ ስልኩን ጋሽ ጉልላት ጆሮ ላይ ለጠፈችው።

«ሃሎ?» አሉ ጋሽ ጉልላት። ወዲያው ሹራባቸውን ጨምድደው ያዙ። «ረታ? ረታ፣ አንተ ነህ?» እንባቸው ዱብ ዱብ አለ፤ እያለቀሱም መቆጣት ጀመሩ። «አንተ የማትረባ! ስድስት ሳምንት ሙሉ እኮ አለቀስኩልህ! ምን? ደግሞ በምን ልምጣ ይለኛል? በሽትራሰንባን ነዋ!»

ሩሐማ ደክሟት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። አያቷ እዚህ ደርሰው ስለማያውቁ ከባስ የት እንደሚወርዱ አያውቁም፤ ይጠፋሉ። መንገዱ ጠፋኝ ብለውም ይመለሱ ይሆናል። ስልኳን መልሳ ተቀብላ ለእናቷ «አመሻለሁ፣ አባባ እየመጡ ነው» ብላ ጻፈችና ጃኬቷን ለብሳ ባስ ማቆሚያው ላይ ልትጠብቃቸው ወረደች።