የጓንግ ደሴት እንቁራሪቶች

በፊርማና በማኅተም ያልተረጋገጠ ነገር አምኜ አላውቅም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በተፈጥሮ ሀብት ባለሙያነት ሳገለግል የዛርና የጭራቅ ወሬ የምሰማው ለሳቅ ነበር፣ ስለዚህ ወዳጄ፣ የማወጋህን ነገር እኔው ራሴ ለማመን እንደተቸገርሁ አስቀድመህ ያዝልኝ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በጓንግ ወንዝ መካከል ያለችው ትንሽ ደሴት ለሰሊጥ እርሻ ትሰጥ ወይስ ለእንቁራሪቶቿ ትከለል የሚለውን አጥንቼ እንዳቀርብ ተጠየቅሁ። የሄድሁት በግንቦት፣ ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ በቀረበት ጊዜ ነው፤ ስህተቴም ይኸው ነው። መንገድ የመራኝ ፈንታ የሚባል፣ በዳርቻው የሚያርስ ገበሬ ሲሆን፣ ሰሊጡን የሚዘራው እንደ አባቱ የደሴቷን እንቁራሪቶች ጩኸት ጠብቆ ነው።

«ጋሼ፣ አሁን የት ያገኟቸዋል? ከአፈሩ ሥር ተኝተዋል እኮ። ዝናብ ሳይጥል አይጻፉ።»

«መንግሥት ዝናብ አይጠብቅም» አልሁት።

«እንቁራሪትስ መቼ መንግሥት ትጠብቃለች!» ብሎ ሳቀ።

በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ ተቀምጬ «እንቁራሪት አልተገኘም» ብዬ መጻፍ ስጀምር፣ እመነኝ፣ ከስንጥቁ ውስጥ አንድ ድምፅ «ቋ» አለ። ብዕሬን አነሣሁ፣ ጸጥ አለ፤ መልሼ ወረቀቱን ባስነካው ሁለት ሆኑ፣ ከዚያም አምስት፣ ከዚያም ከተቀመጥሁበት ሥር ሁሉ።

«ይሰማሃል?» አልሁት።

«ምኑ?» አለና ግንባሬን ዳሰሰ፤ «ፀሐይ መትቶዎታል ጋሼ፣ ውሃ ይጠጡ።»

ይህን ጆሮዬን ካመንሁማ ሙያዬን ካድሁ ብዬ ፈረምሁ፤ በሳምንቱ ትራክተር ደሴቷን ገለባበጣት።

ክረምቱ ገባ፣ የጎረቤቶቹ ሰሊጥ በቀለ፣ ፈንታ ግን ዘሩን በጆንያ እንደያዘ ይጠብቃል፣ ደሴቷም ዝም ብላለች። እኔ ደግሞ እዚህ ገንዳ ውሃ ከተማ ተቀምጬ ብዕርና ወረቀት ባገናኘሁ ቁጥር፣ ከቤቴ የሲሚንቶ ወለል ሥር እሰማቸዋለሁ፤ ባለቤቴ ምንም አትሰማም።

ትናንት ከሰዓት በኋላ «ጥናቴ ስህተት ነበር» የሚል ደብዳቤ እየጻፍሁ ሳለ ፈንታ ደወለ።

«ጋሼ፣ እስካሁን አልጮኹም። የዘር ጊዜዬ አለፈ፣ ልጆቼን ምን ላብላ?»

ብዕሬን ከወረቀቱ አላነሣሁም፤ ከወለሉ ሥር ይጮኻሉ። እሱም ትንፋሹን ውጦ ሲያዳምጥ ታወቀኝ።

«ጋሼ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደሴቷ ላይ ነዎት እንዴ?»