ሁለት መቅዘፊያ

ዓምሃ በቀጠረኝ ቀን አልመጣም። እኔ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ቆሜ ስጠብቀው፣ እሱ ጉለሌ እኛ ቤት ሽማግሌ ልኮ ነበር።

የተዋወቅነው እዚያው ሐይቅ ላይ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለመስክ ጥናት ሄደን ዝናብ ያዘንና አንዲት የብረት መርከብ ውስጥ ተጠለልን። ወደ ደሴቶቹ ሰው ስታመላልስ ኖራ ሞተሯ ሲሞት አንዲት ደሴት ዳር የተጣለች መርከብ ናት። ሁላችንም ረጥበናል። ወንዶቹ ጃኬታቸውን ለሴቶቹ ሲያለብሱ ዓምሃ ብቻ የራሱን አላወለቀም።

«ብሰጥሽ እኔ ይበርደኛል» አለኝ ዓይን ዓይኔን እያየ።

የወደድኩት ያኔ ነው።

በቅርቡ መርከቧ ተቆራርጣ ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ልትሸጥ መሆኗን ሰማሁ። ዓምሃን «ሳትጠፋ እንያት» አልኩት።

«እሁድ በጠዋት ቅደሚኝ፤ በሚቀጥለው አውቶቡስ እደርሳለሁ» አለ።

አመንኩት። እዚያች መርከብ ላይ የምጠይቀው ነገር ነበረኝ።

እሁድ ስልኩ ዝግ ነው። ዓሣ አጥማጁ ሊሚ ታንኳውን አቅርቦ ሲጠብቅ ሰለቸው።

«እህቴ፣ ከሰዓት ንፋስ ይነሳል። ሁለተኛው ቀዛፊ የታለ?»

«ይመጣል።»

ቀትር ሆነ። «አሁንስ?»

«አይመጣም! በቃ፣ መቅዘፊያውን ስጠኝ።»

ቀዘፍን። መዳፌ ተላጠ። ግማሽ መንገድ እንኳ ሳንደርስ ንፋሱ ተነሳ፤ ውሃው ታንኳው ውስጥ ይገባ ጀመር። ሊሚ ታንኳውን ወደ ዳር አዞረው። ከሩቅ ያየሁት የመርከቧን የዛገ ጀርባና የቆራጮቹን የእሳት ፍንጣሪ ብቻ ነው።

«ጠዋት ተነስተን ቢሆን ኖሮ ደርሰን ነበር። ነገ ምንም አይተርፋትም» አለኝ።

ሽሮ ሜዳ ከታክሲ ወርጄ ቤት ስገባ ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። የዓምሃ አጎት አቶ ኡርጌሳ አሉ፤ የንስሐ አባታቸው አሉ። ዓምሃም ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ አባቴ ከሱቁ ያመጣውን ጋቢ ደርቦለታል።

«ነይ ልጄ፣ እንኳን ደስ አለሽ!» አለ አባቴ። «ሽማግሌዎቹን ላመላልሳቸው አስቤ ነበር። ግን ዓምሃ ባዳ ነው እንዴ? ዛሬውኑ እሺ አልኳቸው፤ እሱንም አስጠራሁት።»

«ማንን ጠይቀህ አባዬ?»

አቶ ኡርጌሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወጉ ነው እኮ ልጄ። ሽማግሌ ሲገባ ሴት ልጅ ዞር ትላለች።»

ወደ ዓምሃ ዞርኩ። «ዝዋይ የላክኸኝ ዞር እንድልልህ ነው?»

ተነሳ። «ሰርፕራይዝ ላደርግሽ... ማለቴ፣ መርከቧን ሌላ ጊዜ እናያታለን።»

«ሌላ ጊዜ የለም። እየቆረጧት ነው። እዚያ ምን ልጠይቅህ እንደነበር ታውቃለህ? እንጋባ ልልህ ነበር።»

አፉን ከፍቶ አየኝ። ቀስ ብሎ ዓይኑ ረጠበ። ጃኬቱን የከለከለኝን ልጅ ፊቱ ላይ ፈለግሁት። ያ ልጅ የልቡን ፊት ለፊት ይናገር ነበር።

«ታዲያ ሁለታችንም የፈለግነው አንድ ነገር አይደል?»

«አንድ ነው። አንተ ግን እኔን አልጠየቅኸኝም።»

«አሁን ልጠይቅሽ።»

«አባዬ እሺ ብሎሃል አይደል? እሱን አግባ!»

ቄሱ ሳቃቸው አምልጧቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። አባቴ «አንቺ! ተቀመጪ!» ብሎ ጮኸ።

አልተቀመጥኩም፤ ወደ በሩ ሄድኩ። ዓምሃ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ስሜን ጠራ፤ «ርሆቦት።» እንደ ድሮው ነው የጠራኝ። ለመዞር ጥቂት ነበር የቀረኝ።

የተላጠው መዳፌ የበሩን እጀታ ሲነካ አቃጠለኝ። ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት፤ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።