ስምንተኛው ትራክ

ይህን የምጽፍላችሁ ላይክ ፈልጌ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን የማይፈልግ እዚህ ላይ ማንበቡን ይተው፤ አልቀየመውም።

ደግሞ እንደለመዳችሁት ሌሊት አይደለም። ቅዳሜ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ የስቱዲዮውን ምንጣፍ አቧራ እያጋለጠችብን ነበር።

ስቱዲዮ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ድሮ የማተሚያ ቤት ወረቀት ይከማችበት የነበረ ክፍል ነው። መሃሉ ላይ መስታወት አለ። ከመስታወቱ ወዲያ ባንዱ ይጫወታል፤ ወዲህ እኔ እቀዳለሁ።

ሥራዬ ሽቦ ነው። መንፈስ፣ ጥላ፣ ምናምን ለሚሉኝ ሰዎች ‹‹መጀመሪያ መሰኪያውን እዩ›› ነበር መልሴ።

ነበር...

ባንዱ ሦስት ሰው ነው። ታናሽ ወንድሜ ይዘፍናል፤ ኦርጋንም ይጫወታል። ከበሮ መቺውን ወንበሩ ላይ ሲነጥር ስለሚውል ‹‹ጎማ›› እንለዋለን። ቤዝ የሚጫወተው በሥራ ቀን ጥርስ ሐኪም ነው፤ እሱን ያው ‹‹ዶክተር›› ነው የምንለው።

የሚጫወቱት ፕሮግረሲቭ ሮክ ነው። እሱም የዛሬው ሳይሆን፣ እነሱ ሳይወለዱ ይሰማ የነበረው ዓይነት። አንድ ዘፈን አሥራ ሰባት ደቂቃ ነው። ምቱ በሰባት ይቆጠራል፤ ልጨፍር ያለ ሰው እግሩ ይተሳሰራል። ምሳ በልታችሁ ብትመለሱ ገና መግቢያው ላይ ናቸው።

ወንድሜ ድምፁ የድሮውን ካልመሰለ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነው። ኮምፒውተር አይነካም። በድሮ ማሽን፣ በሪል ቴፕ፣ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚቀዳው። መቁረጥ መቀጠል የለም። ከተሳሳቱ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

እናቴ ‹‹እሱ እያለ ሬዲዮ ምን ያደርግልኛል?›› ትላለች። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ ይዘፍናል፣ ጫማውን ሲያስር ይዘፍናል። ኮሌጁን ትቶ ሙዚቃ ሲይዝ ያልተቆጣችው በእኔ ነው። ‹‹አንቺ አጠገቡ ካለሽ ግድ የለኝም›› አለችኝ። አደራዋን ተቀበልኩ።

ያን ቀን ይዞት የመጣው ቴፕ ያገለገለ ነው። ከተዘጋ ስቱዲዮ ዕቃ መሃል ያገኘው። ካርቶኑ ላይ ስም የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽናችን ስምንት ትራክ አለው። በአንዱ ቴፕ ላይ ስምንት ድምፆች ጎን ለጎን ይሄዳሉ ማለት ነው። እኛ የምንፈልገው ሰባት ብቻ ነው። አዲስ ያልተቀዳበት ትራክ ደግሞ አይጠፋም፤ የድሮው ድምፅ እዚያው እንደተቀመጠ ይቀራል። ስለዚህ ያገለገለ ቴፕ ሲመጣ መጀመሪያ በማግኔት ይጠፋል። ይህን ማንኛውም ቀጂ ያውቃል።

‹‹ላጥፋው›› አልኩት።

‹‹እታለም፣ በናትሽ! ከሥር የቀረው ድምፅ ነው ወዙን የሚሰጠው።››

‹‹ወዝ ከፈለግክ ቫዝሊን አለልህ።››

ሳቀ። ሲስቅ አንጀቴን ይበላዋል። ሳላጠፋው ማሽኑ ላይ ጫንኩት።

አሥራ ሰባቱን ደቂቃ ተጫወቱ። አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ጎማ አንድ ምት ዘለለ። እየመታ በአንገቱ ይቅርታ ጠየቀ።

ሲጨርሱ ሁላቸውም ወደ እኔ ክፍል መጡ፤ ቴፑን መልሼ አጫወትኩት።

የድምፁን መጠን የሚያሳዩት የሰባቱ ትራክ መርፌዎች ከዘፈኑ ጋር ይዘላሉ።

ስምንተኛውም... ይዘላል።

‹‹የድሮው ነው›› ብዬ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

የወንድ ድምፅ ነው። ቀስ ብሎ ይቆጥራል።

‹‹አንድ... ሁለት... ሦስት...›› እስከ ሰባት። ከዚያ እንደገና ከአንድ።

ወንድሜ አጨበጨበ። ‹‹አያችሁ? እነሱም በሰባት ነበር የሚጫወቱት!››

ሳቅን። መሳቃችንን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

አሥራ አንደኛው ደቂቃ ደረሰ። ጎማ የዘለላት ምት...

‹‹ሦስት... አራት... ስድስት...›› አለ ሰውዬው።

ከዚያ በአፍንጫው ሳቀ።



ጎማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ‹‹ይሄ... መቼ ነው የተቀዳው?››

‹‹ሳንወለድ።››

‹‹ታዲያ የእኔን ስህተት ማን ነገረው?››

 ግን እኔ የሽቦ ሰው ነኝ አላልኳችሁም? ጎማ ሲመታ ከንፈሩ ይቆጥራል። ያ ድምፅ ከማይኩ ሾልኮ የድሮው ላይ ገብቶ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ራስን ማሳመን እንዴት ቀላል ነው!

ጎማ ስለተሳሳተ መድገም ነበረባቸው። ያለን ቴፕ አንድ ነው።

‹‹አሁንስ ላጥፋው›› አልኩ።

‹‹አንድ ጊዜ ብቻ፣ እታለም›› አለ ወንድሜ በሹክሹክታ። ‹‹እንዲህ ያለ ነገር ተመልሶ አይገኝም።››

እሺ አልኩት።

ሁለተኛው ቅጂ... ምን ልበላችሁ? ጎማ አልሳተም። ዶክተር ዓይኑን ጨፍኗል። ወንድሜ ከመስታወቱ ወዲያ አንገቱ ተወጥሮ፣ አፉን ከፍቶ ይዘፍናል።

የእሱ ማይክ ሰባተኛው ትራክ ላይ ነው። አምስተኛው ደቂቃ ላይ የሰባተኛው መርፌ ትንሽ ዝቅ አለ።

ከፍ አደረግኩት። እንደገና ዝቅ አለ።

ስምንተኛው በዚያው ልክ... ከፍ ይላል።

ማቆም ነበረብኝ። ጣቴ ማቆሚያው ላይ ነበር። ግን ቅጂው በጣም ያምር ነበር! በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ቅጂ ይዤ አላውቅም፤ እንዲበላሽ አልፈለግኩም። ወንድሜን የሸጥኩት በዚህች ነው።

ዘፈኑ አለቀ። ወንድሜ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ማይኩ የተዘጋ መስሎኝ ተነሥቼ በሩን ከፈትኩ።

‹‹ምን አልክ?››

ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ የለም። ሹክሹክታ እንኳ የለም።

ዶክተር የስልኩን መብራት አብርቶ አፉን አስከፈተው። ‹‹ጉሮሮው ደህና ነው›› አለ። 

ሮጬ ወደ ማሽኑ ተመለስኩ። ጆሮ ማዳመጫውን አድርጌ ሰባተኛውን ብቻ ከፈትኩ። ከንፈር ሲላቀቅ ይሰማል። ምላስ ጥርስ ሲነካ ይሰማል። ሌላ ምንም የለም።

ስምንተኛውን ከፈትኩ።

ወንድሜ ይዘፍናል። ሙሉ ድምፁ፣ አንድም ሳይጎድል።

ዘፈኑ ካለቀ በኋላም ቴፑ አላቆመም፤ መሽከርከሩን ቀጠለ። ምንም ያልቀዳሁበት ቦታ ነው።

‹‹እታለም...››



‹‹እታለም... እኔ ነኝ። ጨለማ ነው። እንዳታጠፊኝ...››

ቀና አልኩ። ወንድሜ ከመስታወቱ ወዲያ ቆሟል። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር። ፈገግ ብሏል። በጣቱ መደርደሪያዬ ላይ ያለውን ማግኔት ያሳየኛል፤ ከዚያ ቴፑን ያሳየኛል።

አጥፊው... ነው የሚለኝ።

አላጠፋሁትም። ቴፑንም ማሽኑንም ይዤ ቤት ገባሁ።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንቱ ነው። ጎማ ስልክ አያነሳልኝም። ከበሮውን ሸጧል ብለው ነገሩኝ። እናቴ ልጇን ከሐኪም ሐኪም ታዞራለች። ‹‹ጤነኛ ነው፣ ጊዜ ስጡት›› ይሏታል።

በእርግጥ ጤነኛ ነው። ይበላል፣ ይተኛል። ወፍሯል እንኳ። ኦርጋኑን ግን ዞር ብሎ አያየውም። ጠዋት ፊቱን ሲታጠብ በሩ ሥር ቆሜ አዳምጣለሁ። የሚሰማኝ ውኃው ብቻ ነው።

እኔ ክፍሌን ቆልፌ ከቴፑ ጋር እነጋገራለሁ። መነጋገር አይባልም፤ እኔ ዝም ብዬ እሰማለሁ።

‹‹እማዬ ደህና ናት?›› ይላል። ‹‹እታለም፣ አለሽ?››

አለሁ እላለሁ። አይሰማኝም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ቴፑ አርጅቷል። በተጫወተ ቁጥር ይላላጣል፤ ማሽኑ ላይ ቡናማ ዱቄት ይተዋል። ያ ዱቄት ደግሞ ድምፁ ነው። አንድ ቀን ‹‹እታለም›› ያለኝ ቦታ በማግስቱ ‹‹...ታለም›› ሆኖ ይጠብቀኛል። ብሰማው ያልቅብኛል። ባልሰማው ጨለማ ውስጥ ብቻውን ነው። እንቅልፍ ያሳጣኝ ይህ ነው፤ ለማን ይነገራል?

ዱቄቱን በጥጥ እጠርገዋለሁ። ጥጡን መጣል ስላቃተኝ የጃም ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጠው ነበር። ጠርሙሱ ግማሽ ድረስ ሞልቶ ነበር።

ትናንት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስነሣ ክዳኑ ወለሉ ላይ ወድቋል።

ጥጦቹ ጠርሙሱ ውስጥ አሉ። ግን ነጭ ናቸው... ከፋርማሲ የተገዙ ዕለት እንደነበሩት።

የክፍሌ በር እንደተቆለፈ ነው።

ከኩሽና የእናቴ ለቅሶ ተሰማኝ። በባዶ እግሬ ሮጥኩ።

እያለቀሰች ትስቅ ነበር። ‹‹ተናገረ! ልጄ ተናገረ! እግዚአብሔር ይመስገን!››

እሱ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። የከንፈሩ ጥግ ቡናማ ነው።

‹‹እማዬ፣ ሻይ ጨምሪልኝ›› አለ።

የወንድሜ ድምፅ ነው። ትንሽ ይቆራረጣል እንጂ የራሱ የወንድሜ ድምፅ ነው።

እናቴ አቅፋው አንገቱን ትስማለች። እሱ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አየኝ፤ ምላሱን አውጥቶ የከንፈሩን ጥግ በቀስታ ላሰና ልክ እንደ ቴፑ ሰውዬ በአፍንጫው ሳቀ።

‹‹እታለም›› አለኝ። ‹‹የቀረውስ... የት ነው?››