ሃርድሊ የምትባል ቃል

የእንግሊዝኛ አስተማሪው ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሰሌዳው ላይ ጽፎ የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ አራገፈ። አንደኛው «ተማሪው ሃርድ አጠና» ይላል፤ ሌላኛው «ተማሪው ሃርድሊ አጠና»።

«ከሁለቱ ፈተናውን የሚያልፈው የትኛው ተማሪ ነው?»

«ሁለቱም!» አለ ከኋላ ወንበር አንዱ። «ሁለተኛው እንዲያውም ይሰቅላል!»

«ሁለተኛው ይወድቃል። ደብተሩን አልገለጠም ማለት ይቻላል።»

«ቲቸር፣ እሱማ እኔ ነኝ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መስኮቱ ሥር የተቀመጠችው የአንድ አናጢ ልጅ ግን አልሳቀችም። እስክሪብቶዋ ወረቀቱ ላይ ተተክሎ ቀረ።

አስተማሪው ቀጠለ። «ሃርድሊ» በጥንት ዘመን «በኃይል፣ በብርታት» ማለት ነበር። ቆይቶ «በመከራ፣ በስንት ጭንቅ» ማለት ሆነ። በመከራ የሆነ ነገር ደግሞ አልሆነም ለመባል ትንሽ ነው የሚቀረው፤ ቃሉም እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ «ምንም ያህል አይደለም» ወደሚለው ወረደ።

ልጅቷ የመጨረሻውን ትርጉም ደብተሯ ላይ ጽፋ ደግማ አነበበችው።

ከሦስት ሳምንት በፊት አባቷ ከራጅ ክፍል የተሰጠውን ፖስታ ወደ ቤት ይዞ መጥቶ ነበር። «ሐኪሙ ማክሰኞ ነው የሚያየኝ። እስከዚያ አንጀቴ አይችልም፤ አንብቢልኝ» አላት። ወረቀቱ ሳንባው «ሃርድሊ ተሽሎታል» ይል ነበር። «ሃርድ» ብርቱ መሆኑን ታውቃለች፤ የቀረውን በራሷ ገጣጠመችው። «በጣም ተሽሎሃል ይላል፣ አባዬ!» ስትል እናቷ አለቀሰች። አባቷም ማክሰኞ ዕለት ሐኪም ቤት በመሄድ ፈንታ፣ ሐኪሙ «ዝር እንዳትል» ወዳለው ወርክሾፑ ተመለሰ።

ደወሉ ሲደወል አስተማሪውን በር ላይ ደረሰችበት።

«ቲቸር፣ ዛሬም ቢሆን በድሮው ትርጉሙ የሚጽፈው ሰው ይኖራል? ለምሳሌ... ሐኪም?»

«የለም። ያ ከቀረ ስንት መቶ ዓመት ሆነው።» አተኩሮ አያት። «ምነው፣ አመመሽ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

ነገሩን የነገረችው አብራት ለምትቀመጠው ጓደኛዋ ብቻ ነው። ጓደኛዋ ትንሽ አሰበችና «አታካብጂ» አለቻት። «ፋዘርሽ ፊቱ የተፈታው ገና አሁን ነው። ከሐኪም ቤት ደውለው ነበር፣ ና ብለዋል በይውና ተገላገዪ። የቀረውን እነሱ ይንገሩት። አንቺ ምን አገባሽ?»

ክፉ ውሸት አልመሰላትም። አባቷ ይታከማል፤ ስህተቱ የማን እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። እስከ ወርክሾፑ ድረስ ስታጠናው ሄደች።

አባቷ ጣውላ ይልጋል። ሰጋቱራው ቅንድቡ ላይ ሳይቀር ሰፍሯል። ከጎን ያለው በያጅ በሩ ላይ ቆሞ ያወጋዋል።

«መጣችልህ የሐኪም አስተርጓሚዋ!» አለ በያጁ።

«አታሹፍ። እሷ ባትኖር ይሄኔ ተኝቼ ጣሪያ እቆጥር ነበር» አለ አባቷ። ወዲያው ሳል ያዘው። ፊቱን አዙሮ በመሐረብ አፉን ያዘ። ሲጨርስ ሳያየው አጥፎ ኪሱ ከተተው። እሷ ግን ቀዩን አይታዋለች።

በያጁ እስኪሄድ ጠበቀች።

«አባዬ፣ ከሐኪም ቤት... ደውለው ነበር።»

መላጊያው ቆመ። «ምን ብለው?»

ያጠናችው ሁሉ ምላሷ ላይ ነበር። ዓይኖቹ ግን ከእሷ አፍ የሚወጣውን ሁሉ ሊያምን ተዘጋጅተዋል።

«አልደወሉም» አለች። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ወረቀቱ ተሽሎሃል አይልም። ምንም ያህል አልተሻለህም ነው የሚለው። ቃሉን የማውቀው መስሎኝ ነበር።»

አባቷ መላጊያውን አስቀምጦ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። ሰጋቱራውን ከቅንድቡ ጠረገ።

«ሦስት ሳምንት» አለ። «ሦስት ሳምንት እኮ እውነትም ተሽሎኝ ነበር።» ሊስቅ ሞከረና ሳሉ ቀደመው። አሁን ፊቱን አላዞረም።

እሷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ይቅር በለኝ፣ አባዬ።»

«ወረቀቱ መሳቢያው ውስጥ ነው። አምጪው።» አመጣችው። «ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። የማታውቂው ሲመጣ አላውቀውም በይኝ። በግምት አትገጣጥሚልኝ።»

የመጀመሪያውን መስመር ቀስ ብላ አነበበችለት። ሁለተኛው መስመር መሀል ላይ አንድ ረጅም ቃል አገኘች። ግማሹ የምታውቀው ይመስላል።

«ይሄን አላውቀውም» አለች።

አባቷ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ ሰጣት። «አስምሪበት። ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት አብረን ሄደን እንጠይቃቸዋለን።»

አሰመረችበትና ወደሚቀጥለው ቃል አለፈች።