የዝሆኑ ክንድ

ሟቹ ክራቫት አስሮ ነበር። ለጤና ምርመራ ክራቫት የሚያስር ሹፌር ታይቶ አይታወቅም፤ ይህኛው ግን ቀኑን እንደ ሠርግ ሲጠብቀው ከርሟል። አሁን ከተሳቢው መኪና ጋቢና ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ በጀርባው ተንጋሏል።

ግዙፍ ስለነበረ ጓደኞቹ «ዝሆኑ» ይሉት ነበር። ዓምና ደም ግፊቱ ከፍ ብሎ ተገኘና ክኒን ታዞለት «እስከ ከርሞ ካልወረደ ከመሪው ትወርዳለህ» ተባለ። ከመሪ ሌላ የሚያውቀው ነገር ስላልነበረ ጨው ተወ፣ ሲጋራ ተወ፣ በየጠዋቱ ሰፈሩን በእግሩ ይዞር ጀመር። ሹፌሮቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁበት። ዛሬ እነዚያው ሳቂዎች ሬሳውን ከበው «ምስኪን፣ ግፊት ገደለው» እያሉ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። ለከንፈር መምጠጥ ማን ብሎን!

የመጣው መርማሪ ከጀርባው «ሆምጣጤ» ይባላል። ፊቱ ሁልጊዜ የተበላሸ ነገር እንዳሸተተ ሰው ነው። ሞኝ ይንቃል፤ ከሞኝ ይልቅ ደግሞ ብልጥ ነኝ ባይን ይንቃል።

ባለመኪናው እየተንከባለለ መጣ፤ በውፍረት ከሟቹ አይተናነስም።

«ኢንስፔክተር፣ መኪናው መቼ ይለቀቅልኛል? ጭነት እየጠበቀ ነው።»

«ሰው ሞቷል እኮ።»

«አይቻለሁ፣ ነፍስ ይማር። ጭነቱ ግን አልሞተም።»

ሆምጣጤ ትንሽ አየው። «ሲወድቅ ማን ነበር?»

«እኔ ቢሮ ነበርኩ። ተለዋጭ ሹፌሩ፣ የሟቹ ሚስት ወንድም፣ ከሥር ቆሞ ነበር። ‹ጋሼ፣ ቶሎ ውረድ፣ ጎማው ተንፍሷል!› ሲል ሰማሁ። ከዚያ ዷ አለ።»

«አሁን መኪናውን ማን ይይዘዋል?»

«ያው ተለዋጩ ነዋ። ሌላ ማን አለኝ?»

ሆምጣጤ መኪናውን ዞሮ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በጫማው መታ። ሁሉም ጥንቅቅ ብለው ሞልተዋል። ማስታወሻው ላይ አንድ መስመር ጻፈና ሄደ።

ሆስፒታሉ በሦስተኛው ቀን መልስ ሰጠ። ግፊት አልነበረም፤ ሰውዬው ራሱን ስቶ ወድቆ ጭንቅላቱ ተፈጥፍጧል። ደሙ ውስጥ ግን የግፊት ክኒን ከልክ በላይ ተገኝቷል። ወሬው ከሆስፒታሉ ወረቀት ቀድሞ ሰፈር ደርሶ ነበርና ሆምጣጤ ለቅሶ ቤት ሲገባ ሴቶቹ ሚስትየዋን በጎን እያዩ ይንሾካሾካሉ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

እሷም አልካደችም። «ክኒኑን የምሰጠው እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። የዚያን ቀን ጠዋት ግፊቱ አልወርድ ብሎ እጥፍ አድርጌ ሰጠሁት። ባሌን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«ለኪው ማን ነበር?»

«ወንድሜ። እሱ ባይኖር ምን ይውጠኝ ነበር? መጀመሪያ እኔ ስለካው ሁሌ ጥሩ ነበር፤ እንዲያውም ደስ ብሎን ነበር። ኋላ ወንድሜ ‹አንቺ አታውቂበትም› አለና ራሱ ያዘው። ለካስ ሁልጊዜም ከፍ ያለ ኖሯል። ሐኪም ቤት ደውሎ ‹ክኒኑን ጨምሩ ተብሏል› አለን።»

«እንዴት ነበር የሚለካቸው?»

«ባሌ ከእግር ጉዞው ሲመለስ፣ እዚሁ በር ላይ፣ እንደቆመ። ክንዱ ላይ የሚጠመጠመው የመለኪያው ጨርቅ እየተላቀቀ ስለሚያስቸግር ወንድሜ በእጁ ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል።»

«እርስዎ ሲለኩም ይላቀቅ ነበር?»

«የለም፣ ያኔ ሰፊ ጨርቅ ነበረው። ተቀደደ ብሎ ወንድሜ ወሰደው።»

«ባለቤትዎ ምን ይሰማቸው ነበር?»

«ከተቀመጠበት ሲነሳ ያዞረዋል። ወንድሜ ግፊቱ ነው አለን።»

ወንድምየው ከጎኗ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቷል። አፉ ቅቤ ነው። «ጋሼ እንደ አባቴ ነበር፣ ኢንስፔክተር። መሪ ያስያዘኝ እሱ ነው።»

«መለኪያውን አሳየኝ እስቲ። ጨርቁ ይኸው ብቻ ነው?»

«ሲገዛም ይኸው ብቻ ነው የነበረው።»

ሆምጣጤ ጨርቁን በገዛ ክንዱ ላይ ጠመጠመው። እሱ እንጨት የመሰለ ሰው ነው፤ ልክክ አለ።

በማግስቱ በዚያው ሳሎን አራት ሰው ሰበሰበ፦ መበለቲቱን፣ ወንድሟን፣ ባለመኪናውንና ሹፌሮችን የምትመረምረውን ነርስ። ባለመኪናውን ግን ከመቀመጡ በፊት የፎቁን ደረጃ ሁለት ጊዜ አስወጥቶ አስወረደው። ሰውዬው እያለከለከ ሲገባ በር ላይ አቆመው፣ ክንዱን ወደ ታች አስለቀቀው፣ ጠባቡን ጨርቅ በግድ ጠምጥሞ በእጁ ያዘው።

«መቶ ሰማንያ አራት» ሲል አነበበ።

ባለመኪናው አመድ መሰለ። «ልሞት ነው?»

«አይቸኩሉ። እዚህ ይቀመጡ፣ ክንድዎን ጠረጴዛው ላይ ያድርጉ፣ አፍዎን ይዝጉ። እሱ ብቻ ነው የሚከብድዎት።»

ጥቂት ካረፈ በኋላ ነርሷ ያመጣችውን ሰፊ ጨርቅ ጠመጠመችለት።

«መቶ ሠላሳ ስድስት» አለች።

«ያው ሰውዬ፣ ያው ክንድ» አለ ሆምጣጤ። «ደክሞት፣ ቆሞ፣ ክንዱን አንጠልጥሎ፣ በጠባብ ጨርቅ የተለካ ወፍራም ሰው ሳይታመም ታማሚ ነው። ሟቹ ይህን ያህል ጊዜ ለሌለ ግፊት ክኒን ሲውጡ ኖሩ። የሚያዞራቸው ግፊቱ ስለወጣ አልነበረም፤ እጅግ ስለወረደ ነው።»

«እኔ ምን አውቄ?» አለ ወንድምየው። «ሐኪም አይደለሁ፤ ስሕተት ነው!»

ነርሷ ዞር አለች። «ዓምና ሁለታችሁም አብራችሁ መጥታችሁ የለም እንዴ? ‹ለሱ ለምን ሰፊ?› ብለህ ስትጠይቀኝ ጠባቡ አብልጦ ያሳያል አላልኩህም? ደግሞ ክኒን ጨምሩ ያለ ሰው እኛ ጋ የለም፤ የደወለም የለም።»

«እህትህ ሰፊውን ጨርቅ ተቀደደ ብለህ ወሰድከው ትላለች» አለ ሆምጣጤ፤ «አንተ ከነጭራሹ አልነበረም ትላለህ። የሚዋሽ ሰው ቢያንስ እህቱ ምን እንደምታውቅ ይጠይቃል።»

«እሺ፣ ምርመራውን እንዲወድቅ ነበር የፈለግኩት! መኪናውን ብዬ ነው። እንዲሞት አላልኩም!»

«እንዲወድቁ የፈለገ ሰው ክኒን ይደብቃል እንጂ አይጨምርም። አንተ ግን በእህትህ ልኬት ግፊታቸው መውረዱን አይተሃል፤ ምርመራውን እንደሚያልፉ ገብቶሃል። ስለዚህ በምርመራው ቀን እጥፍ አስዋጥካቸው፣ ጋቢናው ላይ እስኪወጡ ጠበቅክ፣ ‹ቶሎ ውረድ፣ ጎማው ተንፍሷል› አልክ። የተነፈሰ ጎማ አልነበረም። የደም ግፊቱ የወረደ ሰው ከዚያ ከፍታ ብድግ ብሎ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ታውቅ ነበር፤ እዚህ ከመቀመጫቸው ሲነሱ ሲንገዳገዱ ስታያቸው ከርመሃል። ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይቻለሁ፤ ቢያንስ ዱላውን ራሳቸው ይይዙ ነበር።»

ባለመኪናው እንኳ ስለ ጭነቱ አላነሳም።

መበለቲቱ ቀስ ብላ ጠየቀች። «ድኖ ነበር ማለት ነው?»

«ድነው ነበር። ጨው መተዉ፣ እግር ጉዞው፣ ሁሉም ሠርቶላቸዋል።»

«እህቴ፣» አለ ወንድምየው፤ «እኔ እኮ እጄን አላነሳሁበትም…»

«አዎ፣ አንተ አላነሳህም። ‹አሁንስ ሰለቸኝ› ሲል ‹ለኔ ብለህ ዋጣት› እያልኩ የማጎርሰው እኔ ነኝ። ይኸው ሰሞኑን ገደልኩት ብዬ ፀጉሬን ስነጭ፣ አጠገቤ ተቀምጠህ ሶፍት ታቀብለኝ ነበር። አንዲት ቃል ከአፍህ አልወጣችም። ብታሰር ዝም ልትል ነበር?»

ሆምጣጤ ለዚህ ሰው የሚመጥን ስድብ ፈልጎ አጣና ካቴናውን አወጣ።

ሴትየዋ ተነስታ ሁለት እጇን ወደ መርማሪው ዘረጋች። «ይኸንንም እሰሩልኝ» አለችው። «የሰጠው ይኸ ነው።»

ሆምጣጤ ካቴናውን በወንድምየው እጅ ላይ ከረቸመና ይዞት ወጣ። እሷ እጇን እንደዘረጋች ቆማ ቀረች፤ ነርሷ መጥታ በሁለት እጇ ይዛ እስክታወርድላት ድረስ አላጠፈችውም።